ጄኔራል ጎርደንና ባዶው መቃብር

ለትንሣኤ ስብከት የሚነበቡ ምንባቦች፦ ዮሐንስ 19፥38-42፤ ሉቃስ 24፥1-12፤ 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥1-22።

የትንሣኤን ስብከት የሚያዘጋጅ ሰው አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ፦ ሕዝቡን የምመራው ወደ መቃብሩ ነውን ወይስ ከመቃብሩ ወደ ተነሣው ጌታ? የጄኔራል ቻርልስ ጎርደን የሕይወት ታሪክ ይህን ያስተምረናል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጎርደን በ1833 በእንግሊዝ አገር ተወለደ። ወታደር ሳለ መጽሐፍ ቅዱስን ዕለት ዕለት ያነብ፣ የድሆችንም ልጆች ያስተምር ነበር። በ1874 የግብፅ ኬዲቭ የኢኳቶሪያ ገዥ አድርጎ ላከው። ዛሬ የጁባ ወደብ ካለበት ወረድ ብሎ፣ በነጭ ዓባይ ምሥራቃዊ ዳር ወደሚገኘው ጎንዶኮሮ ደረሰ። ጁባ ያን ጊዜ ገና ከተማ አልነበረችም። ጎንዶኮሮ የዝሆን ጥርስና የባሪያ ነጋዴዎች ጣቢያ ሆኖ የኖረ፣ ንዳድም የበዛበት ስፍራ ነበረ። ከባልደረቦቹ አያሌዎች በበሽታ ሞቱበት። እርሱም መቀመጫውን ወደ ላዶ አዛውሮ የባሪያን ንግድ ተዋጋ። በ1879 ስለ ድንበር ጉዳይ ወደ አገራችን መጥቶ በደብረ ታቦር ከአፄ ዮሐንስ 4ኛ ጋር ተገናኘ፤ ነገር ግን ሳይስማሙ ተለያዩ።

በ1883 ጎርደን ወደ ኢየሩሳሌም ሄደ፤ የስቅለቱንና የትንሣኤውን ስፍራ ከቅዱሳት መጻሕፍት ይመረምር ጀመር። የሚቃጠለው መሥዋዕት ከመሠዊያው በሰሜን በኩል እንዲታረድ በዘሌዋውያን 1፥11 ታዝዟልና፣ ጌታም ከከተማይቱ በሰሜን ተሰቅሏል ብሎ አሰበ። ከደማስቆ በር ውጭ ያለው፣ የራስ ቅል የሚመስለው ኮረብታ ጎልጎታ መስሎ ታየው። በአቅራቢያው ያለው ከዓለት የተወቀረ መቃብርም በብዙ ፕሮቴስታንቶች ዘንድ የጌታ መቃብር ተብሎ ታወቀ። ዳሩ ግን በኋላ የመረመሩት የጥንታዊ ቅርስ ሊቃውንት መቃብሩ ከክርስቶስ ልደት ብዙ መቶ ዓመታት በፊት፣ በይሁዳ ነገሥታት ዘመን የተወቀረ መሆኑን አስረዱ። ዮሐንስ ግን ማንም ያልተቀበረበት አዲስ መቃብር እንደ ነበረ ጽፏል።

ሰባኪ ሆይ፣ ስብከትህን በድንጋይ ላይ አትመሥርት! ዮሐንስ ስለ አትክልቱና ስለ መቃብሩ የጻፈው ጌታ በእውነት ሞቶ እንደ ተቀበረ እንድናውቅ ነው። በሉቃስ ወንጌል ሴቶቹ ሽቱ ይዘው ሥጋውን ሲፈልጉ፣ ሕያው የሆነውን ከሙታን መካከል ስለ መፈለጋቸው ተወቀሱ። ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች የመቃብሩን ስፍራ አላሳየም፤ ጌታን ያዩትን ምስክሮች፣ ኬፋንና አሥራ ሁለቱን፣ ከ500 የሚበልጡትንም ወንድሞች ቈጠረላቸው። የስብከትህ መንገድ ይህ ይሁን፤ ከሞቱ ወደ ባዶው መቃብር፣ ከባዶው መቃብር ወደ ምስክሮቹ ቃል።

ጎርደን በ1884 ወደ ካርቱም ተመለሰ። ነቀፋ የሌለበት ሰው አልነበረም፤ ያን የባሪያ ንግድ የተዋጋ ሰው አገሩን ለማረጋጋት ሲል ባሪያ መያዝ እንደሚፈቀድ በዚያ አወጀ። ስለዚህ እርሱም እንደ እኛ ሁሉ በሥራው ሳይሆን በክርስቶስ ምሕረት ብቻ የሚድን ኃጢአተኛ ነው። ከተማይቱ በመሐዲ ሠራዊት ተከብባ ከቆየች በኋላ ጥር 26 ቀን 1885 ወደቀች፤ ጎርደንም ተገደለ። የጌታን መቃብር የፈለገው ሰው ራሱ የታወቀ መቃብር የለውም።

በጉባኤህ መካከል ልጅዋ የት እንደ ወደቀ የማታውቅ እናት ትኖር ይሆናል፤ የምታለቅስበት መቃብር እንኳ የላትም። ለእርስዋ ስበክ። ክርስቶስ ላንቀላፉት በኵራት ሆኖ ተነሥቷል፤ የሰው ዓይን ያላየውን መቃብር እርሱ ያውቀዋል፤ በሚመጣበትም ቀን የእርሱ የሆኑትን ከዚያ ይጠራቸዋል። አሜን።