ዶክተር ሱን ያት ሴን፤ የቻይና ሬፑብሊክ መሥራች

በፔኪንግ መንግሥቱን የያዙት ኮሙኒስቶችና በ1949 ተሸንፈው ወደ ታይዋን ደሴት የተሻገሩት የኩኦሚንታንግ ሰዎች በብዙ ነገር ሲጣሉ የኖሩ ናቸው፤ የአንድ ሰው ሥዕል ግን በሁለቱም ዘንድ በክብር ይሰቀላል። ይኸውም የዶክተር ሱን ያት ሴን ሥዕል ነው። የታይዋኖቹ የአገር አባት ይሏቸዋል፤ የፔኪንጎቹ ደግሞ የአብዮቱ ቀዳሚ ይሏቸዋል። ሁለት ባላንጦች አንዱን ሟች የእኛ ነው እያሉ የሚሻሙበትን ምክንያት ለማወቅ የሰውየውን የሕይወት ታሪክ መመርመር ያስፈልጋል። (ዓመተ ምሕረቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሱን ያት ሴን በኖቬምበር 12 ቀን 1866 ከካንቶን በስተደቡብ፣ ከማካው ብዙ በማይርቅ መንደር ከድሀ ገበሬዎች ተወለዱ። ታላቅ ወንድማቸው ወደ ሃዋይ ደሴቶች ተሰደው በእርሻና በከብት ርቢ ስለ ቀናቸው፣ በ1879 ታናሽየውን አስመጥተው ሆኖሉሉ በሚገኝ የእንግሊዝ ሚሲዮን ትምህርት ቤት አስገቧቸው። ልጁ እንግሊዝኛውንም መጽሐፍ ቅዱሱንም በትጋት ስለ ተማሩ፣ ወንድማቸው ሃይማኖቱን ይለውጣል ብለው ፈሩና በ1883 ወደ አገር ቤት መለሷቸው። ምክሩ ግን ዘግይቶ ነበር። ወጣቱ መንደራቸው በገቡ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የቤተ ጣዖቱን ምስል ሰብረው ሕዝቡን ስላስቆጡ ወደ ሆንግ ኮንግ መሄድ ግድ ሆነባቸው። እዚያም ተጠመቁ፤ ሕክምናም ተምረው በ1892 በዶክተርነት ተመረቁ።

ቻይና በዚያን ጊዜ እንደ ሕንድ ወይም እንደ ኢንዶቻይና በስም ቅኝ አገር አልነበረችም። ከ1644 ጀምሮ የሚገዟት የማንቹ ነገሥታት በዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ነገር ግን ከ1839 እስከ 1842 በተደረገው የኦፒየም ጦርነት ከተሸነፈች ወዲህ ሆንግ ኮንግን ለእንግሊዝ አስረክባለች፤ ወደቦቿን በግድ ከፍታለች፤ በምድሯ የሚኖረው የውጭ አገር ሰው በቆንሲሉ እንጂ በአገሩ ዳኛ አይዳኝም፤ የጉምሩክዋ አስተዳደር እንኳ በእንግሊዛዊ ሹም እጅ ነበር። ሱን ያት ሴን በኋላ ዘመን ሲያስተምሩ የቻይና ዕጣ ከቅኝ አገር ዕጣ የከፋ መሆኑን ይናገሩ ነበር። ቅኝ አገር አንድ ጌታ አለው፤ ቻይና ግን የብዙ ጌቶች አሽከር ሆና፣ ችግር ሲመጣ ኃላፊ ነኝ የሚላት አንድም የለም ማለታቸው ነው።

ወጣቱ ሐኪም መጀመሪያ የሞከሩት የጦር መሣሪያ ሳይሆን ማመልከቻ ነበር። በ1894 እርሻ፣ ማዕድን፣ ንግድና ትምህርት እንዲሻሻል የሚመክር ረዥም ጽሑፍ አዘጋጅተው በዘመኑ ታላቁ ባለሥልጣን ለነበሩት ለሊ ሁንግ ቻንግ አቀረቡ። መልስ አላገኙም። ያው ዓመት ሳያልቅ ቻይና ከጃፓን ጋር ጦርነት ገጠመች፤ ሱን ያት ሴንም ወደ ሆኖሉሉ ተመልሰው ንጉሡን ለመጣል የሚሠራ ማኅበር አቋቋሙ። በ1895 በካንቶን ያሰቡት ዐመፅ ሳይጀመር ታወቀ፤ ጓደኞቻቸው ተገደሉ። እርሳቸው ወደ ጃፓን አምልጠው፣ ለማንቹ የመገዛት ምልክት የነበረውን በጀርባ የሚወርድ ጉንጉን ጠጉራቸውን ቆረጡ።

ስማቸውን ለዓለም ያስታወቀው ግን በኦክቶበር 1896 በለንደን የደረሰባቸው ነገር ነው። የቻይና ሌጋሲዮን ሰዎች ይዘው ከሕንፃው ላይኛ ፎቅ ቆለፉባቸው። አሳቡ በመርከብ ወደ ቻይና ሊልኳቸው ነበር፤ እዚያ የሚጠብቃቸው ሞት ነው። እስረኛው በመስኮት የወረወሩት ወረቀት ሁሉ ከንቱ ሆነ። በመጨረሻ አንድ እንግሊዛዊ የሌጋሲዮኑ አሽከር ልቡ ራርቶ መልእክታቸውን በሆንግ ኮንግ መምህራቸው ለነበሩት ለዶክተር ካንትሊ አደረሰላቸው። ካንትሊ ወደ ፖሊስ ሮጡ፤ ወደ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ሮጡ፤ ጋዜጣም ነገሩን አወጣው። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተለቀቁ። ያልታወቀ ስደተኛ የነበሩት ሰው በሳምንት ውስጥ በአውሮፓ ሁሉ ታወቁ፤ የማንቹ መንግሥት ጠላቱን በገዛ እጁ አከበራቸው ማለት ይቻላል።

ከተፈቱ በኋላ በለንደን ተቀምጠው በብሪቲሽ ሙዚየም ቤተ መጻሕፍት ብዙ አነበቡ። በዚያ ኃያል አገር ድህነትና የሠራተኞች አድማ መኖሩን አይተው፣ አገር ነፃ ወጥቶ ሕግ ቢቆም እንኳ ሕዝቡ የሚበላው ካልተስተካከለ ሥራው ጎደሎ መሆኑን ተረዱ። ሦስቱ የሕዝብ መርሖች የሚባሉት የተወለዱት ከዚህ ነው፤ እነርሱም ብሔራዊ ነፃነት፣ የሕዝብ ሥልጣንና የሕዝብ ኑሮ ናቸው። በሦስተኛው መርሕ ውስጥ የመሬት ዋጋ ሲጨምር ትርፉ ለባለመሬቱ ብቻ መሆኑ ቀርቶ በግብር ለሕዝብ እንዲገባ የሚለውን የአሜሪካዊውን የሄንሪ ጆርጅን አሳብ አስገቡበት።

በ1905 በቶኪዮ ልዩ ልዩ ማኅበራትን በአንድነት አስተባበሩ። ብዙዎቹ አባሎች በጃፓን ይማሩ የነበሩ ወጣቶች ነበሩ። ገንዘቡ የመጣው በሲንጋፖር፣ በፔናንግና በሳን ፍራንሲስኮ ከሚኖሩ ቻይናውያን ሲሆን ከእነዚህም መካከል ልብስ አጣቢውና ባለሱቁ ይገኙበታል። ዐመፅ በዐመፅ ላይ ከሸፈ። በኦክቶበር 10 ቀን 1911 ግን በዉቻንግ የነበሩ ወታደሮች ተነሥተው ከተማይቱን ያዙ። ሱን ያት ሴን በዚያን ጊዜ በአሜሪካ በዴንቨር ከተማ ነበሩ፤ ወሬውን ያወቁትም ከጋዜጣ ነው። በቀጥታ ወደ አገራቸው አልገቡም። ወደ ለንደንና ወደ ፓሪስ ሄደው ለአዲሱ መንግሥት ብድር ለመኑ፤ ባዶ እጃቸውንም ተመለሱ።

በጃንዋሪ 1 ቀን 1912 በናንኪንግ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ግምጃ ቤቱ ባዶ ነበር። በሰሜን ደግሞ የሠለጠነውን ጦር የያዙት ዩዋን ሺ ካይ ነበሩ። እኒህ ጄኔራል ሕፃኑን ንጉሥ ከዙፋን ካስወረዱ ፕሬዚዳንትነቱን ሊለቁላቸው ሱን ያት ሴን ቃል ገቡ። ንጉሡ በፌብሩዋሪ 12 ወረዱ፤ እርሳቸውም በማግሥቱ ሥልጣናቸውን ማስረከባቸውን አስታወቁ። ይህን ብዙ ጸሐፊዎች እንደ ትሕትና ያመሰግኑታል። ትሕትና መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ወታደርም ገንዘብም የሌለው ሰው ሌላ ምን ምርጫ ነበረው? ከዚያ በኋላ የምድር ባቡር ሥራ ኃላፊ ሆነው ወደ 100 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚደርስ ሐዲድ ለመዘርጋት ካርታ ላይ መሥመር ሲያሰምሩ፣ ዩዋን ሺ ካይ መንግሥቱን ያደላድሉ ነበር።

በ1913 ምርጫ ያሸነፈው የኩኦሚንታንግ መሪ ሱንግ ቺያኦ ጄን በሻንጋይ የባቡር ጣቢያ ተገደለ። በዚያው ሰሞን ለሱን ያት ሴን አንድ ፓውንድ እንኳ የነፈጉት የውጭ መንግሥታት ባንኮች፣ ምክር ቤቱ ሳይፈቅድ፣ ለዩዋን ሺ ካይ 25 ሚሊዮን ፓውንድ አበደሩ። ደቡቦች ዐመፁ፤ ተሸነፉ፤ ሱን ያት ሴንም እንደገና ተሰደዱ። በጃፓን ሳሉ ያቋቋሙት አዲስ ፓርቲ አባሉ ሁሉ ለእርሳቸው ለራሳቸው እንዲታዘዝ በጣት አሻራ ቃል የሚያስገባ ነበር። የቆየ የትግል ጓደኛቸው ሁዋንግ ሺንግ ይህን አልቀበልም ብለው ተለዩ፤ የሕዝብ ሥልጣንን የሚሰብክ ሰው እንዲህ ያለ መሐላ መጠየቁ በእውነቱ የሚያስተች ነው። በ1915 የወዳጃቸውን ልጅ ሱንግ ቺንግ ሊንግን፣ አባትየው እየተቃወሙ፣ አገቡ።

ዩዋን ሺ ካይ በ1916 ከሞቱ በኋላ አገሪቱ በየክፍለ ሀገሩ የጦር አለቆች ተከፋፈለች። ሱን ያት ሴን በካንቶን መንግሥት ቢያቆሙም በሰው ጦር ላይ የተመሠረተ ስለ ነበረ፣ በ1922 የገዛ ጄኔራላቸው ቼን ቺዩንግ ሚንግ ከድቶ መኖሪያቸውን በመድፍ አስደበደበ። ሸሽተው በጦር ጀልባ ላይ ተጠጉ። በ1923 መጨረሻ ደግሞ በካንቶን ከሚሰበሰበው የጉምሩክ ገቢ ድርሻቸውን ቢጠይቁ፣ ታላላቆቹ መንግሥታት የጦር መርከቦቻቸውን ወደ ካንቶን ላኩ።

በዚህ ጊዜ እጇን የዘረጋችላቸው መስኮብ ብቻ ነበረች። በጃንዋሪ 1923 ከሶቪየት መልእክተኛ ከዮፌ ጋር ባወጡት መግለጫ፣ የኮሙኒዝም ሥርዓት ለቻይና የማይስማማ መሆኑ በግልጽ ተጽፏል፤ ሆኖም ለአንድነትና ለነፃነት የሩሲያ እርዳታ ተቀባይነት አገኘ። ቦሮዲን የሚባል አማካሪ መጣ። በ1924 ኩኦሚንታንግ በመስኮብ ፓርቲ አምሳል ተደራጀ፤ ኮሙኒስቶችም አንዳንዳቸው በግል አባል እንዲሆኑ ተፈቀደ፤ ከእነርሱም አንዱ ወጣቱ ማኦ ሴ ቱንግ ነበር። በዋምፖዋ በተከፈተው የጦር ትምህርት ቤት አዛዡ ቺያንግ ካይ ሼክ፣ ከፖለቲካ ክፍሉ ኃላፊዎች አንዱ ቹ ኤን ላይ ሆኑ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ካንቶን ከገቡት እንግዶች መካከል ለቦሮዲን አስተርጓሚ የሆነ አንድ ቬትናማዊ ነበር፤ ዓለም በኋላ ሆ ቺ ሚን ብሎ ያወቀው ነው።

ሱን ያት ሴን ኮሙኒስት ሆነው ነበርን? በ1924 በሰጧቸው ትምህርቶች ማርክስን የኅብረተሰብን በሽታ ብቻ ያየ ሐኪም አድርገው ይነቅፉታል፤ የመደብ ትግልንም አልተቀበሉም። በዚያው ትምህርት ደግሞ የሕዝብ ኑሮ መርሕ ከኮሙኒዝም ጋር አንድ ነው ይላሉ። ዛሬ ሁለቱም ወገን የሚወደውን ገጽ ገልጦ የሚያነበው ስለዚህ ነው። በእኛ ግምት ሰውየው የእንግሊዝን፣ የአሜሪካንና የጃፓንን በር ሠላሳ ዓመት አንኳኩተው የተከፈተላቸውን ገቡ፤ እንግዳው ቤት ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ለመተሳሰብ ግን ዕድሜ አላገኙም።

ስለ አገር አንድነት ለመነጋገር ወደ ፔኪንግ ሲሄዱ በሽታው ጠናባቸው፤ በማርች 12 ቀን 1925 በካንሰር ሞቱ። ለሚስታቸው ያወረሱት መጻሕፍታቸውን፣ ልብሳቸውንና በሻንጋይ የነበረ አንድ ቤት ነው። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ በኤፕሪል 1927 ቺያንግ ካይ ሼክ በሻንጋይ ኮሙኒስቶቹን አስገደሉ። የሟቹ ሚስት ይህ የባሌን አሳብ መክዳት ነው ብለው ወደ ሞስኮ ሄዱ፤ ታናሽ እኅታቸው ደግሞ በዚያው ዓመት ቺያንግን አገቡ።

በጁን 1929 አስከሬናቸው ከፔኪንግ ተወስዶ በናንኪንግ አጠገብ ባለው ተራራ ላይ በታላቅ ሥነ ሥርዓት ተቀበረ። ሚስትየው ለቀብሩ ከአውሮፓ መጡ፤ መምጣታቸው መንግሥቱን መደገፍ ተደርጎ እንዳይቆጠር አስቀድመው በጋዜጣ አስታውቀው ነበር።