የሱሪናም የእሳት እራቶች ሠዓሊ፦ ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን

ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን በ1647 (እ.ኤ.አ.) በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ተወለደች። አባቷ በመዳብ ሰሌዳ ላይ ሥዕል እየቀረጸ የሚያትም ስመ ጥር ባለሙያ የነበረ ሲሆን፣ እርሷ ገና ሕፃን ሳለች በ1650 አረፈ። የሥዕልን ጥበብ ያስተማራት እንጀራ አባቷ ያዕቆብ ማሬል ነው። በ13 ዓመቷ የሐር ትል ማርባት ጀመረች፤ ከዚያም ያገኘችውን አባጨጓሬ እየሰበሰበች፣ የሚስማማውን ቅጠል እየመገበች፣ ድሩን ሠርቶ ሲተኛና ክንፍ አውጥቶ ሲወጣ በየደረጃው መሣልን ልማድ አደረገች። በዚያ ዘመን ነፍሳት ከጭቃና ከብስባሽ በራሳቸው ይፈጠራሉ ብሎ የሚያምነው ብዙ ስለነበር፣ አንዱን አባጨጓሬ ከክንፋሙ ጋር ማዛመድ ራሱን የቻለ ምርምር ነበር። የመጀመሪያው የአባጨጓሬ መጽሐፏም በ1679 ታተመ።

ከ1691 ጀምሮ በአምስተርዳም ስትኖር ከቅኝ ግዛቶች የመጡ የነፍሳት ክምችቶችን ለመመልከት ዕድል አገኘች። ይሁን እንጂ በመርፌ ተወግተው የተደረደሩት ቢራቢሮዎችና የእሳት እራቶች ከየትኛው እጭ እንደወጡና ምን ተመግበው እንዳደጉ የሚያመለክት ነገር አልነበረም። ስለሆነም ሥዕሎቿን ሸጣ ስንቋን ካሰናዳች በኋላ፣ በ1699፣ በ52 ዓመቷ፣ ታናሽ ልጇን አስከትላ በደቡብ አሜሪካ ወደሚገኘው የሆላንድ ቅኝ ግዛት ወደ ሱሪናም በመርከብ ተጓዘች።

በዚያም የአገሬው ተወላጆችና ከአፍሪካ ተግዘው በባርነት የተያዙ ሰዎች በጫካው መንገድ እየጠረጉ፣ እጮችን እያመጡና የዕፅዋቱን ጥቅም እየነገሩ ረዷት። እርዳታቸውን በመጽሐፏ ብትጠቅስም ስማቸውን አላኖረችም። ሕመም ስለጠናባት በ1701 ተመለሰች፤ የሱሪናም ነፍሳትን መለዋወጥ የሚያሳየውና 60 ሥዕሎች ያሉት ታላቅ መጽሐፏም በ1705 ወጣ።

ስዊድናዊው ሊኔየስ ሱሪናምን በእግሩ አልረገጠም፤ ሆኖም በ1758 ባሳተመው መጽሐፉ ለበርካታ ዝርያዎች ስም ሲያወጣ የእርሷን ሥዕሎች በማስረጃነት ጠቅሷል። እንዲህ ያለው አመኔታ አደጋም አለው። በ20ኛው ሥዕል ላይ፣ ክንፉ ሲዘረጋ ወደ 30 ሴንቲሜትር የሚጠጋው፣ ዛሬ ቲሳኒያ አግሪፒና የሚባለው የእሳት እራት ከአንድ አባጨጓሬ ጋር አብሮ ይታያል። ክንፉ በጥንቃቄ ስለተሣለ ባለሙያ አይስተውም። አባጨጓሬው ግን የሌላ ወገን፣ ይኸውም ስፊንክስ የሚባሉት የእሳት እራቶች እጭ መሆኑን የኋላ ተመራማሪዎች ተገንዝበዋል። የቲሳኒያ እውነተኛ እጭ ከ300 ዓመት በኋላም ለሳይንስ ምሥጢር ሆኖ ቆይቷል።

ሜሪያን በ1717 በአምስተርዳም አረፈች። ዛሬ ከሞቃት አገር የተመለሰ መንገደኛ ሌሊት በመብራት ሥር ያነሳውን የእሳት እራት ፎቶግራፍ ይዞ ስሙን ቢጠይቅ፣ ጠንቃቃ ባለሙያ አስቀድሞ ስለ ቦታው፣ ስለ ወሩ፣ ስለ መጠኑና በአካባቢው ስለነበረው ተክል ይጠይቀዋል። ክንፍ ብቻውን ወገንን ሊጠቁም ይችላል፤ የቅርብ ዘመዳማ ዝርያዎችን ለመለየት ግን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ሜሪያን ውቅያኖስ ያቋረጠችው ይህንኑ ጉድለት ለመሙላት ነበር፤ በ20ኛው ሥዕል የተሳሳተችውም እዚያው ላይ ነው።