ፀጉር አስተካካዩ እንጨት ቀራጭ

ልጆች፣ ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አንድ የከተማችን ሰው ነው። ንጉሥ አልነበረም፣ የጦር መሪም አልነበረም። ፀጉር አስተካካይ ነበር። ስሙ ኤላይጃ ፒርስ ይባላል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ኤላይጃ በ1892 በሚሲሲፒ ክፍለ ሀገር፣ ቦልድዊን አጠገብ ተወለደ። አባቱ ቀድሞ በባርነት የኖሩ ገበሬ ነበሩ። ኤላይጃ ግን እርሻ አልሆነለትም። ሰንጢውን ይዞ ጫካ ይገባና የዛፍ ቅርፊት ላይ ይቀርጻል፤ ከእንጨትም ትናንሽ እንስሳት ይሠራል። ከፍ ሲል የፀጉር ሥራ ተማረ፤ እንጀራው እሱ ሆነ። በ1920 የሰባኪነት ፈቃድም አግኝቶ ነበር።

በ1923 ወደ ኮሎምበስ መጥቶ ኮርኔሊያ የምትባል ሴት አገባ። አንድ ጊዜ ለልደቷ ትንሽ ዝሆን ከእንጨት ቀርጾ ሰጣት። በጣም ወደደችው። እሱም ደስ ብሎት ሙሉ የእንስሳት ማቆያ፣ ማለትም ዙ፣ እንደሚሠራላት ቃል ገባና እንስሳቱን አንድ በአንድ መቅረጽ ጀመረ።

በእንስሳት ብቻ አላቆመም። ቦክሰኛውን ጆ ሉዊስን ቀረጸ፣ አብርሃም ሊንከንን ቀረጸ። የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን በሰሌዳ ላይ እየፈለፈለ ቀለም ይቀባቸው ነበር። በ1932 ገደማ የኢየሱስን ሕይወት በትልልቅ ሰሌዳዎች ሠርቶ የእንጨት መጽሐፍ የሚል ስም ሰጠው። ከኮርኔሊያ ጋር ሥራዎቹን ይዘው እየዞሩ በየቤተ ክርስቲያኑ ያሳዩ ነበር። ስብከቱ በእንጨት ሆነ ማለት ነው።

ብዙ ሥራዎቹን መቼ የሠራ ይመስላችኋል? ፀጉር ቤቱ ውስጥ ነው! ሎንግ ጎዳና ላይ የራሱ ፀጉር ቤት ነበረው። ደንበኛ ሲመጣ መቀሱን ያነሳል፤ ወንበሩ ባዶ ሲሆን ሰንጢና መሮውን ያነሳል። በወር ይህን ያህል ጨርስ የሚለው አለቃ አልነበረውም። ብዙዎቹን ሥራዎች እንዲሁ በስጦታ ሰጥቷቸዋል። ግን ልብ በሉ፣ ሐሳብ እስኪመጣልኝ ልጠብቅ ብሎ እጁን አጣጥፎም አልተቀመጠም። ሰንጢው ሁልጊዜ ከአጠገቡ ነበረች።

ብዙ ሰው ያወቀው በ1971 የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥራዎቹን ለሕዝብ ካሳየ በኋላ ነው። ያኔ ዕድሜው 79 ዓመት ነበር። በ1982 ከአሜሪካ መንግሥት የብሔራዊ ቅርስ ሽልማት ተቀበለ፤ በ1984 አረፈ።

ወላጆች፣ ይህን የጻፍኩት ለራሴም ጭምር ነው። ሥራዬ ሒሳብ ስለሆነ ያልተሞላ ሠንጠረዥ ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ልጄ በየቀኑ አንድ ገጽ አማርኛ እንዲጽፍ ሠንጠረዥ ሠርቼ ፍሪጅ ላይ ለጥፌ ነበር። ገጾቹ በትክክል ተሞሉ። ነገር ግን ማንም ሳያዘው ለአያቱ የሚጽፋት አጭር ደብዳቤ ቀረች። እኔ አላስተዋልኩም፤ ልጁ ምነው ዝም አለኝ ብላ በስልክ የጠየቀችኝ እናቴ ናት። ያን ዕለት ሠንጠረዡን አነሳሁት። ወረቀቱንና እርሳሱን ግን ከጠረጴዛው ላይ አላነሳኋቸውም። ደብዳቤዋ እስካሁን አልተመለሰችም። ባለፈው ሳምንት ግን አንበሳ ሥሎ ከሥሩ «አምበሳ» ብሎ ጻፈ። ለማረም እጄን በላኝ፣ ግን ተውኩት።

የኤላይጃ ፒርስን ሥራዎች ብሮድ ጎዳና ባለው የኮሎምበስ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ማየት ይቻላል። ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ።

አዲስ ቃላት
ሰንጢ፦ ታጥፎ በኪስ የሚያዝ ትንሽ ቢላ
መሮ፦ እንጨት መፈልፈያ መሣሪያ
ሰሌዳ፦ ጠፍጣፋ እንጨት

የቤት ሥራ
ደስ ያላችሁን እንስሳ ሣሉ፤ ወይም ከሳሙና ቅረጹ። ከዚያ ስለ እንስሳው በአማርኛ ጻፉልኝ። ስንት መስመር ይሁን ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፣ እሱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።