ሳይጠየቅ ለተቆፈረበት ሕዝብ የተሰቀለው ደራሲ

በ1980ዎቹ ናይጄሪያውያን በጉጉት የሚጠብቁት አንድ አስቂኝ የቴሌቪዥን ድራማ ነበር። ባሲ ኤንድ ካምፓኒ ይባላል። ሌጎስ ውስጥ ሳይሠሩ ሚሊየነር መሆን ስለሚያልሙ ሰዎች ነው። የዚህ ድራማ ደራሲና ፕሮዲዩሰር፣ ፒፓ ከአፉ የማይለየው ኬን ሳሮ ዊዋ፣ ኅዳር 10 ቀን 1995 ፖርት ሃርኮርት እስር ቤት ውስጥ ተሰቀለ። ዛሬ የምናወጋችሁ ስለሱ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኬን በ1941 በኒጀር ዴልታ፣ ኦጎኒ ምድር ተወለደ። ኦጎኒዎች ያም እና ካሳቫ የሚያርሱ፣ ዓሣ የሚያጠምዱ፣ በእሱ ዘመን ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑ ሕዝብ ናቸው። በ1958፣ ናይጄሪያ ገና በእንግሊዝ እጅ ሳለች፣ መሬታቸው ውስጥ ነዳጅ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ኦጎኒዎች ማታ እንኳ ጨለማ ብርቅ ሆነባቸው፤ ከመንደራቸው ጎን የጋዝ እሳት ሌት ተቀን ይነዳል። ቧንቧ ሲፈነዳ ደግሞ ድፍድፉ እርሻውንና ወንዙን ያለብሰዋል።

ታዲያ ሕዝቡ ለምን አልከለከለም? ሕጉ ነዋ። በ1969 የወጣው ሕግ ነዳጁን በሙሉ የፌዴራል መንግሥት አደረገው። በ1978 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ መሬቱን በክልል ገዢዎች እጅ አስገባ። ስለዚህ ገበሬው ማሳ ላይ ቧንቧ ለመቅበር የገበሬው ፈቃድ አያስፈልግም ነበር። የሚከፈለው ካሳ ለበቀለው ሰብል እንጂ ለመሬቱ አይደለም። እዚህ አገርም ከማኅበረሰቡ ጋር ውይይት ተደርጓል የምትል ዜና ስንሰማ፣ ጥያቄው ቀድሞ የተጠየቀ ነው ወይስ ተወስኖ ያለቀ የተነገረ ብለን ብናጣራ አይከፋም።

ኬን ከመነሻው የመንግሥት ተቃዋሚ አልነበረም። በቢያፍራ ጦርነት ጊዜ ከፌዴራሉ ወገን ቆሞ የቦኒ ወደብ አስተዳዳሪ ሆኗል፤ በኋላም በሪቨርስ ክልል ኮሚሽነር ነበር። በንግድም ደህና ገንዘብ ይዟል። ዝም ብሎ መኖር ይችል ነበር ማለት ነው።

አልኖረም። በ1990 የኦጎኒ አለቆች የመብት ሰነድ ፈረሙ፤ ሞሶፕ የተባለው ንቅናቄም ተመሠረተ፣ ኬንም ዋና ድምፁ ሆነ። ከመንግሥት መልስ ሲጠፋ በ1992 ጄኔቫ ድረስ ሄዶ ጉዳዩን በተባበሩት መንግሥታት የነባር ሕዝቦች የሥራ ቡድን ፊት አቀረበ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞሶፕ ለሼል፣ ለሼቭሮንና ለመንግሥቱ የነዳጅ ኩባንያ የ30 ቀን ቀነ ገደብ ሰጠ። ብዙዎች የሚያስታውሱት የተጠየቀውን 10 ቢሊዮን ዶላር ብቻ ነው። እኛን የሳበን ግን ሌላው ነጥብ ነው፦ ወደፊት ስለሚቆፈረው ጉድጓድ ከእኛ ጋር ተደራደሩ የሚለው። ነዳጁ ለዘላለም ይቅር አላሉም፤ ጠይቁን ነው ያሉት።

ጥር 4 ቀን 1993 ወደ 300,000 የሚጠጋ ኦጎኒ ቅጠል ይዞ በሰላም ሰልፍ ወጣ። ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ መሆኑ ነው! ሼልም በዚያው ዓመት ከኦጎኒ ሥራውን አቆመ። ሚያዝያ ላይ ግን የቧንቧ ዘርጊ ተቋራጭ ቡልዶዘር፣ በወታደር ታጅቦ፣ ቢያራ አካባቢ የተዘራ ማሳ ሲያርስ ገበሬዎች ወጡ። ወታደሮቹ ተኮሱ። አንዲት ሴት ክንዷን አጣች።

ይሄን ሰው እንደ ቅዱስ ብቻ መተረክ ግን አይቻልም። ንቅናቄው ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር። በ1993ቱ ምርጫ እንሳተፍ ወይስ አንሳተፍ በሚለው አንጋፋ መሪዎች ከኬን ተለዩ፤ ወጣቱ እነሱን የተገዙ ናቸው ይላቸው ጀመር። ግንቦት 21 ቀን 1994 ጊዮኮ ላይ አራት የኦጎኒ መሪዎች በመንጋ ተገደሉ። ማኅበረሰቡ ፈቀደ ሲባል ማን ነው የፈቀደው የሚለው ጥያቄ በደም የተጻፈው ያኔ ነው።

ኬን በዚያ ቀን ቦታው ላይ አልነበረም፤ ወታደሮች ከመንገድ መልሰውት ነበር። የአባቻ መንግሥት ግን አነሳስቷል ብሎ ይግባኝ በሌለው ልዩ ችሎት አቀረበው። ጠበቆቹ ችሎቱን ተቃውመው ወጡ። ከስምንት ጓዶቹ ጋር ሲሰቀል ኦክላንድ ተሰብስቦ የነበረው የጋራ ብልፅግና ጉባኤ ናይጄሪያን ከአባልነት አገደ።

የኬን ጥያቄ ከሱ ሞት በኋላ ወረቀት ላይ ሰፍሯል። በ2007 የተባበሩት መንግሥታት የነባር ሕዝቦችን መብት መግለጫ ሲያጸድቅ፣ መንግሥታት መሬታቸውንና ሀብታቸውን የሚነካ ፕሮጀክት ከማጽደቃቸው በፊት ነፃ ፈቃዳቸውን ለማግኘት በቅን ልቦና እንዲያማክሯቸው ጻፈ። 143 አገሮች ደገፉ። ናይጄሪያ ድምፀ ተዓቅቦ አደረገች። ኢትዮጵያ? ድምፅ ሲሰጥ አልነበረችም።

ሼል በ2009 ጥፋቱን ሳያምን ለሟቾች ቤተሰቦች ክስ 15.5 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ጨረሰ። በ2011 የተመድ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኦጎኒን ለማጽዳትና እንዲያገግም ለማድረግ ከ25 እስከ 30 ዓመት እንደሚፈጅ ተናገረ።

ሰኔ 2025 ላይ ፕሬዝዳንት ቲኑቡ ለኬንና ለጓዶቹ ምሕረት ሰጡ። ደጋፊዎቻቸው ግን ምሕረት ለጥፋተኛ ነው፣ እኛ የምንፈልገው ንፁህ መሆናቸው እንዲታወጅ ነው እያሉ ነው። በዚያው ዓመት መንግሥት ኦጎኒ ውስጥ ነዳጅ ማውጣት እንደገና ስለሚጀመርበት መንገድ ከአካባቢው ሰዎች ጋር ምክክር ከፍቷል። መሬቱ ግን ገና አልጸዳም።