ሲሞን ቦሊቫርና የነፃነት ጦርነቶቹ

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ስናነብ ብዙ ጊዜ ድላቸውን እንጂ ሽንፈታቸውን አናስተውልም። ነገር ግን የሰው ጥናት የሚታወቀው ከወደቀ በኋላ በሚሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ፥ ደጋግሞ ወድቆ ደጋግሞ የተነሣውን የደቡብ አሜሪካ ጀግና የሲሞን ቦሊቫርን ታሪክ ባጭሩ ልናቀርብ ወደድን። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቦሊቫር ጁላይ 24 ቀን 1783 በቬኔዙዌላ ዋና ከተማ በካራካስ ተወለደ። አገሩ ያን ጊዜ የእስፓኝ ቅኝ ግዛት ነበረች። ቤተ ሰቦቹ ሰፊ የካካዎ እርሻና ብዙ ባሮች የነበሯቸው ባለጸጎች ነበሩ። ዳሩ ግን ሀብት ከኀዘን አላዳነውም፤ ገና ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው አባትና እናቱ ሞቱበት። በ1802 ማድሪድ ላይ ያገባት ወጣት ሚስቱም ዓመት ሳይሞላት በቢጫ ወባ ሞተች። ከዚያ በኋላ በ1805 ከመምህሩ ከሲሞን ሮድሪጌዝ ጋር ወደ ሮማ ሄዶ፥ በአንድ ኮረብታ ላይ ቆሞ አገሩን ከእስፓኝ ቀንበር ሊያላቅቅ ማለ።

ቬኔዙዌላ ጁላይ 5 ቀን 1811 ነፃነቷን ዐወጀች። ሆኖም በማግሥቱ ዓመት ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ ቦሊቫር ይጠብቃት የነበረችው የፖርቶ ካቤሎ ምሽግም በጠላት እጅ ወደቀች። አዛዡ ሚራንዳ ለእስፓኞች እጁን ሲሰጥ፥ ቦሊቫርና ጓደኞቹ እንደ ከዳተኛ ቆጥረው ያዙት። ሚራንዳ በእስፓኝ እስር ቤት በ1816 ሞተ። ይህ ነገር በቦሊቫር ስም ላይ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ጥላ ነው። በ1813 ካራካስን መልሶ ሲይዝና ነፃ አውጪ ተብሎ ሲጠራ እንኳ፥ ለነፃነት ያልተሰለፈ እስፓኛዊ ሁሉ እንዲገደል ያወጣው ዐዋጅ ብዙ ደም አፍስሷል። ጀግናን ስናመሰግን ይህን መሸሸግ አይገባንም።

በ1814 ላ ፑዌርታ ላይ ድል ሆነ። ያሸነፉት በቦቬስ የሚመሩ የሜዳው አገር ፈረሰኞች ነበሩ፤ ብዙዎቹም የአገሩ ድኾች ናቸው። ባሪያውና ድኻው፥ ነፃነት የተባለው የጌቶች ጉዳይ ብቻ መስሎ ስለ ታየው አልተከተለውም ነበር። ቦሊቫር ተሰዶ ወደ ጃማይካ፥ ከዚያም ወደ ሃይቲ ሄደ። ሃይቲ ባሮች የነበሩ ሰዎች ፈረንሳዮችን አሸንፈው በ1804 ያቋቋሟት አገር ናት። ፕሬዚዳንቱ ፔትዮን መሣሪያና መርከብ ሰጡት፤ የጠየቁትም ዋጋ ባሮቹን ነፃ እንዲያወጣ ብቻ ነበር። ቦሊቫርም በ1816 ከሠራዊቱ ጋር ለሚሰለፉ ባሮች ነፃነት ዐወጀ። ዳሩ ግን ባለርስቶቹ ስላልፈቀዱ፥ በቬኔዙዌላ ባርነት ፈጽሞ የቀረው በ1854 ነው።

ከጦርነቶቹ ሁሉ የሚደነቀው የ1819 ዘመቻ ነው። በክረምት፥ ጎርፍ ባጥለቀለቀው ሜዳ ብዙ ቀን ውሃ ውስጥ ከተጓዘ በኋላ፥ ሁለት ሺሕ ያህል ሠራዊቱን ይዞ 4,000 ሜትር የሚጠጋውን የፒስባን ተራራ ወጣ። ቆላ ያደገው ወታደር እርቃኑን ሊሆን ምንም ያልቀረው ሆኖ ውርጩን ገጠመው፤ ብዙ ሰው በብርድ ሞተ፤ ፈረሶቹም አለቁ። ጠላት ግን በዚያ በኩል ይመጣል ብሎ አላሰበም ነበር። ጁላይ 25 ቀን በቫርጋስ ረግረግ ከባድ ውጊያ ተደረገ። ኦገስት 7 ቀን ደግሞ በቦያካ ድልድይ አጠገብ የእስፓኝን ጦር ለሁለት ከፍሎ በጥቂት ሰዓት ድል አደረገው፤ 1,600 የሚያህል ሰውም ማረከ። ከሦስት ቀን በኋላ ቦጎታ ገባ።

ጁን 24 ቀን 1821 በካራቦቦ በተደረገው ጦርነት የቬኔዙዌላ ነፃነት ጸና። በዚያ ቀን ከወደቁት አንዱ፥ አስቀድሞ ባሪያ የነበረው ጥቁሩ ፈረሰኛ ፔድሮ ካሜሆ ነው። ኦገስት 6 ቀን 1824 በፔሩ ደጋ በሁኒን አንድ ጥይት ሳይተኮስ በጦርና በጎራዴ ብቻ ተዋግተው አሸነፉ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 9 ቀን ጄኔራሉ ሱክሬ በአያኩቾ በቁጥር የሚበልጠውን ጦር ድል አድርጎ የእስፓኝን እንደራሴ ማረከ። ጥቂት ምሽጎች ቢቀሩም፥ የእስፓኝ ግዛት በደቡብ አሜሪካ በዚህ አበቃ። በማግሥቱ ዓመት የተቋቋመችው አገር በስሙ ቦሊቪያ ተባለች።

ጠላት ሲወጣ ግን ወንድማማቾች ተጣሉ። ቦሊቫር ያገሮቹን አንድነት አጥብቆ ቢመኝም አልሆነለትም፤ በ1828 ሥልጣኑን ሁሉ በእጁ ቢጠቀልል ሊገድሉት ተነሡ። በ1830 ያቋቋማት ታላቋ ኮሎምቢያ ተከፋፈለች፤ ሱክሬም ተገደለ። ቦሊቫር ሥልጣኑን ለቆ፥ ታሞና ሀብቱን ጨርሶ ዲሴምበር 17 ቀን 1830 በሳንታ ማርታ አጠገብ በ47 ዓመቱ ሞተ። ዕድሜውን እስፓኝን ሲወጋ የኖረውን ሰው በመጨረሻ በቤቱ ያስጠጋው አንድ እስፓኛዊ ነበር።

እንግዲህ እኛ ተማሪዎች ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ ነፃነት ለሁሉ ካልሆነ ለማንም አይጸናም። ሁለተኛ፥ ጠላትን ማስወጣት ትልቅ ሥራ ቢሆንም፥ ከዚያ በኋላ ተስማምቶ መኖር የበለጠ ሥራ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን የአባቶቻችንን ተረት፥ ቦሊቫር በሕይወቱ ሙሉ ለፍቶበት ሳያየው ሞተ።