ሳሙኤል ቤከርና ፍሎረንስ በዓባይ ላይ

በሰኔ መግቢያ በጉናና በጣራ ገዳም ላይ የሚጥለው ዝናብ በየሸለቆው ተሰብስቦ ርብንና ጉማራን የመሳሰሉትን ወንዞች ይሞላል፤ የፎገራን ሜዳ አልብሶም ጣና ይገባል። ከጣና በስተሰሜን ካለው ደጋ የሚወርደው ጎርፍ ግን በአመዛኙ ሐይቁን ሳይነካ በጓንግ፣ በትልቁ አንገረብና በተከዜ አድርጎ ወደ ሱዳን በረሃ ይነጉዳል። አንገረብ ሲባል በጎንደር ከተማ ሥር አልፎ ከመገጭ ጋር የሚቀላቀለው ትንሹ ወንዝ አለመሆኑን ልብ ይሏል። የደብረ ታቦርም ሆነ የጎንደር ገበሬ ጎርፍ መሬቱን ይዞበት እንደሚሄድ ከአባቶቹ ጀምሮ ያውቃል። ያ አፈር በረሃውን ሲያቋርጥ በዓይናቸው አይተው በጽሑፍ ካሰፈሩት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ ሳሙኤል ኋይት ቤከር ነው። ዓለም የሚያውቀው ግን በዚህ ሥራው ሳይሆን፣ ከፍሎረንስ ጋር በሸራ ጀልባ በነጭ ዓባይ ወደ ደቡብ ተጉዞ በደረሰበት ሐይቅ ነው።

ቤከር እ.ኤ.አ. በ1821 በለንደን ከሀብታም ነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ (ከዚህ በታች ያሉት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በወጣትነቱ ወደ ሲሎን፣ ማለት ወደ ዛሬዋ ስሪላንካ፣ ተሻግሮ በኑዋራ ኤሊያ ደጋ የእርሻ ሰፈር አቋቋመ፤ ዝሆን አዳኝነቱም ስም አወጣለት። በ1855 የመጀመሪያ ሚስቱ ስትሞትበት ልጆቹን ለዘመድ አደራ ሰጥቶ መንከራተት ጀመረ። በ1859 መጀመሪያ፣ ከሕንዳዊው መስፍን ከዱሊፕ ሲንግ ጋር በዳኑብ ወንዝ ሲጓዝ፣ ቪዲን በተባለችው የኦቶማን ከተማ አደረ። እዚያም ለባርነት ከሚሸጡት መካከል አንዲት ወጣት አየ። በትራንሲልቫንያ ተወልዳ በጦርነት ወላጆቿን ያጣች፣ ከሀያ ዓመት በታች የሆነች ልጅ ነበረች። ገንዘቡን አስበልጦ የከፈለው የከተማው ፓሻ ነው፤ ቤከር ግን ዘበኞቹን በጉቦ ደልሎ ይዟት ጠፋ ተብሎ በቤተሰቡ ይነገራል። ፍሎረንስ የተባለችው ይህች ሴት ናት። እሱ ወዲያው የዳኑብንና የጥቁር ባሕርን የባቡር ሐዲድ ሥራ መምራት ያዘ፤ እስከ 1860ም በዚያው አገር አብረው ኖሩ።

በኤፕሪል 1861 ሁለቱ ከካይሮ በጀልባ ተነሥተው እስከ ኮሮስኮ ተጓዙ፤ ከዚያም የኑቢያን በረሃ በግመል አቋርጠው በርበር ደረሱ። የነጭ ዓባይን ምንጭ ከመፈለጉ በፊት ከኢትዮጵያ የሚወርዱትን ወንዞች አንድ በአንድ ለማየትና አረብኛ ለመማር አንድ ዓመት መመደቡ፣ ቤከር በሕይወቱ ካደረጋቸው ውሳኔዎች ሁሉ የበሰለው ነው ማለት ይቻላል።

በጁን ወር አትባራ ሲደርሱ ወንዙ ወንዝ አልነበረም። ሰፊው ወለል የሚያቃጥል አሸዋ ሆኖ ነበር፤ አልፎ አልፎ ብቻ በቀሩት ጥልቅ ኩሬዎች ጉማሬው፣ አዞውና ዓሣው ተጨናንቆ ዝናብ ይጠብቃል። በዙሪያው የደመና ምልክት እንኳ አይታይም። በጁን 23 ሌሊት ሰፈርተኛው ተኝቶ ሳለ ከሩቅ እንደ ነጎድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ። አረቦቹ የድምፁን ምንነት ስለሚያውቁ እየጮኹ በአሸዋው ላይ የተኙትን ቀሰቀሱ፤ ሰዎቹም ዕቃቸውን እየጎተቱ ወደ ዳር ሸሹ። ጎሕ ሲቀድ ትናንት አሸዋ የነበረው ቦታ ወርዱ ወደ 450 ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ4 እስከ 6 ሜትር የሚሆን የደፈረሰ ውኃ ሆኖ ታየ። አንድም ጠብታ ባልጣለበት አገር ይህን ያህል ወንዝ በአንዲት ሌሊት መውረዱን ያየ ሰው ከየት እንደመጣ ለመጠየቅ ይገደዳል። ቤከርም ክረምቱን አትባራ ዳር ባለችው በሶፊ መንደር ከርሞ፣ በጋውን ሰቲትን (የታችኛውን ተከዜ)፣ አንገረብን፣ ራሃድንና ድንድርን እየተከተለ መልሱን አገኘ፦ ነጭ ዓባይ ዓመቱን ሙሉ የማይነጥፍ ውኃ ይሰጣል፤ ግብፅን የሚያጥለቀልቀው የክረምት ሙላትና እርሻዋን ያበጀው ደለል ግን የኢትዮጵያ ነው። ዘመናዊው ልኬት አሳቡን አጽንቶታል። አስዋን ከሚደርሰው ውኃ ከመቶ ሰማንያ አምስቱ ያህል፣ ከደለሉም ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው።

በዚሁ ጉዞ ለዐፄ ቴዎድሮስ ይገብር የነበረውን መክ ንምርን በጠረፍ ጎብኝተዋል። አባቱ በ1822 በሸንዲ የመሐመድ ዓሊን ልጅ እስማኤል ፓሻን በእሳት ያቃጠለው ነው። በ1862 ገላባት ሲደርሱ ደግሞ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ አገር የሚያልፉ ሁለት ጀርመናውያን የወንጌል መልእክተኞች አገኙ፤ አንደኛው ብረት ሠሪ ነበር። ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ላሰባሰቧቸው ባለእጆች ከመጽሐፍ ይልቅ መዶሻ የያዘ ሰው ያስፈልጋቸው ነበር። ቤከር ራሱ ግን ደጋውን ሳይወጣ ወደ ካርቱም ተመለሰ።

ዲሴምበር 18 ቀን 1862 ሦስት ባለሸራ ጀልባዎች ከካርቱም ወደ ደቡብ አቀኑ። የተሳፈረው ሰው 96 ነበር፤ 21 አህያ፣ 4 ግመልና 4 ፈረስም ተጭኗል። ወደ ደቡብ መሄድ በነጭ ዓባይ ላይ ሽቅብ መሄድ ነው። ይሁን እንጂ በበጋ ወራት የሰሜን ነፋስ ሳያቋርጥ ስለሚነፍስ ሸራው የወንዙን ኃይል ያሸንፋል፤ ሲመለሱ ደግሞ ሸራው ይወርድና ወንዙ ራሱ ይሸከማል። ወንዙ በረግረጉ ውስጥ በተጠማዘዘ ቁጥር ግን ነፋሱ ፊት ለፊት ይሆናል፤ ያን ጊዜ መርከበኞቹ እስከ አንገታቸው ውኃ ውስጥ ገብተው ጀልባውን በገመድ ይጎትታሉ። የጣና ሰው ታንኳ የሚሠራበት ደንገል እዚያ አድማስ እስኪሸፍን በቅሎ ወንዙን ያንቀዋል። ዓመቱ ሳይወጣ ጀርመናዊው አናጢያቸው በበሽታ ሞቶ በወንዙ ዳር ተቀበረ። በፌብሩዋሪ 2 ቀን 1863 የዝሆን ጥርስና የባሪያ ነጋዴዎች ሰፈር ወደነበረችው ጎንዶኮሮ ደረሱ።

ብዙም ሳይቆይ እንግሊዛውያኑ ስፒክና ግራንት ከደቡብ በእግር መጡ፤ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣውን ውኃ አግኝተዋል። ለቤከር የቀረው እነሱ ያላዩት፣ የአገሩ ሰው ሉታ ንዚጌ የሚለው ሌላ ሐይቅ ብቻ ነበር። ወዲያው የገዛ ጠባቂዎቹ አመፁበት። ሊተኩስ በተዘጋጀበት ሰዓት መካከል ገብታ ነገሩን ያበረደችው ፍሎረንስ ናት። መንገድ ሊዘጋበት የነበረውን ኢብራሂም የተባለውን ነጋዴ ጠርቶ እንዲታረቅ ያግባባችውም እሷ ነበረች። ያለዚህ እርቅ ጉዞው ከጎንዶኮሮ ብዙም ባልራቀ ነበር። በቡንዮሮ ንጉሥ ነኝ ባዩ ካምራሲ (በኋላ ወንድሙ መሆኑ ታውቋል) ሚስትህን ተውልኝ ሲለው፣ ቤከር ሽጉጥ መዘዘ፤ እሷ ደግሞ ብድግ ብላ በአረብኛ ወረደችበት፤ አስተርጓሚዋም ቃል ሳታስቀር አስተላለፈች። ከዚያ በኋላ የካፉን ወንዝ በተንሳፈፈ ሣር ላይ ሲሻገሩ ፀሐይ መታትና ወደቀች። ለቀናት ራሷን ሳታውቅ በቃሬዛ ተሸክመዋት ሲጓዙ ሰዎቹ መቃብር መቆፈሪያ አዘጋጅተው ነበር፤ እሷ ግን ነቃች።

ማርች 14 ቀን 1864 ሐይቁን አዩ። ቤከር በቅርቡ በሞተው በንግሥት ቪክቶሪያ ባል ስም አልበርት አለው፤ የአገሬው ስም ግን ከእሱ በፊትም ነበረ። ለ13 ቀን ያህል በእንጨት ታንኳ ዳር ዳሩን ተጉዘው ዓባይ ወደ ሐይቁ የሚወርድበትን ፏፏቴ አገኙ። ነገር ግን ቤከር ያላየውን የሐይቁን ደቡባዊ ጫፍ በግምት እጅግ አርቆ ሣለው፤ ሐይቁም ከእውነተኛ መጠኑ በብዙ እጥፍ ሆኖ በካርታ ላይ ወጣ። አትባራ ዳር ከርሞ የጻፈው እስከ ዛሬ ሲጸና፣ በጥቂት ቀን አይቶ ያወጀውና ማዕረግ ያስገኘለት ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሌሎች ልኬት ታረመ።

ሲመለሱ ከጎንዶኮሮ የተሳፈሩባት ጀልባ ቸነፈር ነበረባት፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ያገለገላቸው ሳዓት ካርቱም ሳይደርሱ በዚያው በሽታ ሞተ። በኖቬምበር 1865 ሁለቱ በለንደን በይፋ ተጋቡ፤ በ1866 እሱ የሰር ማዕረግ ተሰጠው። ንግሥት ቪክቶሪያ ግን ከጋብቻ በፊት አብረው መኖራቸውን ሰምታ ፍሎረንስን አልቀበልም አለች።

ከ1869 እስከ 1873 ቤከር በከዲቭ እስማኤል ትእዛዝ፣ በዓመት 10,000 ፓውንድ ደመወዝ፣ ወደ 1,700 ወታደር ይዞ በዚያው ወንዝ ሽቅብ ተመለሰ። ዓላማው የባሪያ ንግድን ማጥፋት ነው ተባለ፤ ነገር ግን አገሩን ለግብፅ መያዝም አብሮ ታዝዟል። በ1870 ደንገሉ ወንዙን ስለዘጋ ጀልባዎቹ ሊያልፉ አልቻሉም፤ ሠራዊቱ ተመልሶ ወራት ጠበቀ። በ1872 በማሲንዲ ቡንዮሮን ወደ ግብፅ ግዛት እንዳጠቃለለ አወጀ፤ ሕዝቡ ተነሣበትና ከተማዋን አቃጥሎ፣ በሣሩ ውስጥ ከተሰወሩ ጦረኞች እየተከላከለ አፈገፈገ። ፍሎረንስ ጥይትና መድኃኒት ይዛ ከሰልፉ ጋር በእግሯ ሄደች። ከባርነት ያመለጠች ሴት የባሪያ ንግድ ሊያጠፋ በተላከ ጦር ውስጥ ምን እንዳሰበች ማወቅ ለሚፈልግ፣ የዚያ ዘመን ማስታወሻዋ በ1972 ታትሟል።

የመጨረሻውን ዘመን በደቡብ እንግሊዝ በዴቨን አሳለፉ። በጃንዋሪ 1884 ጄኔራል ጎርደን ወደ ሱዳን ሲሄድ ቤከርን አብሮት እንዲመለስ ሊያግባባው መጣ። ፍሎረንስ ወደዚያ አገር እንደማትመለስ፣ እሱም ያለ እሷ እንደማይሄድ ስለታወቀ ነገሩ በዚያው ቀረ። ጎርደን በተከታዩ ዓመት በካርቱም ተገደለ። ቤከር በዲሴምበር 30 ቀን 1893 በቤቱ ዐረፈ፤ ፍሎረንስም እስከ 1916 በዚያው ቤት ኖረች።