የተማሪዎቹ ስታዲየም ከፕሮፌሽናሎቹ ለምን በለጠ? የፊልዲንግ ዮስት ታሪክ

የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች ኦገስት 2 ቀን 2014ን ታስታውሱ ይሆናል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዩናይትድ ለወዳጅነት ጨዋታ አሜሪካ ሄዶ ሪያል ማድሪድን 3 ለ 1 አሸነፈ። ከውጤቱ ይልቅ የሚገርመው የተመልካቹ ብዛት ነው፦ 109,318 ሰው። ኦልድ ትራፎርድ እንኳን ይህን ያህል ሕዝብ ሊይዝ አይችልም። ታዲያ ያ ሜዳ የማን ይመስላችኋል? የክለብ አይደለም፣ የብሔራዊ ቡድንም አይደለም። አን አርበር በምትባል ከተማ የሚገኝ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ንብረት ነው። በመደበኛው የሚጫወቱበትም ተማሪዎች ናቸው፤ ጨዋታውም እኛ የምናውቀው እግር ኳስ ሳይሆን እንቁላል የመሰለችውን ኳስ በእጅ ይዞ የሚሮጥበት አሜሪካን ፉትቦል ነው።

ሚሺጋን ስታዲየም 107,601 መቀመጫ አለው። መኪና ይዘው ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ዲትሮይት ቢደርሱ፣ በሚሊዮን የሚከፈላቸው የዲትሮይት ላየንስ ተጫዋቾች የሚጫወቱበትን ፎርድ ፊልድ ያገኛሉ። እሱ 65 ሺህ ገደማ ነው የሚይዘው። ነገሩ የአንድ ከተማ ጉድ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከ100 ሺህ በላይ መቀመጫ ያላቸው ስምንት የዩኒቨርሲቲ ስታዲየሞች ሲኖሩ፣ በመደበኛ መቀመጫው 100 ሺህ የሚደርስ የፕሮፌሽናል ስታዲየም ግን አንድም የለም። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ለሚል ሰው የአንድን ሰው ሕይወት ማየት ይጠቅመዋል፤ ፊልዲንግ ዮስት ይባላል።

ዮስት በ1871 ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ተወለደ። የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ ገና ስድስት ዓመቱ ነበር፤ አባቱም ለደቡቡ ወገን የተዋጋ ሰው ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እንመለስባታለን። ልጁ መጀመሪያ አስተማሪ ሆነ፣ ቀጥሎ በዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ገባ፤ እዚያም ፉትቦል ይጫወት ነበር። በ1896 የእሱ ቡድን ላፋዬት ከተባለ ኮሌጅ ጋር ተጋጥሞ ተሸነፈ። ዮስት ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ወዲያው ላፋዬት ተመዘገበና በዚያው ሰሞን ለላፋዬት ተሰልፎ ለረጅም ጊዜ ያልተሸነፈውን የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲን 6 ለ 4 ረታ። ከዚያ በኋላ ዕቃውን ሸክፎ ወደ ሕግ ትምህርቱ ተመለሰ። የዝውውር መስኮት የሚባል ነገር ባልነበረበት ዘመን መሆኑ ነው። በስተርጅናው ስለ ተማሪ ስፖርተኛ ንጽሕና ብዙ ይናገር ስለነበር ይህች ታሪክ ትንሽ ታስቃለች።

በ1897 ከተመረቀ በኋላ ጥብቅና ሳይሆን አሠልጣኝነት ያዘ። በአራት ዓመት አራት ዩኒቨርሲቲ አሠለጠነ። የመጨረሻው ስታንፎርድ ነበር፤ ስታንፎርድ አሠልጣኛችን ከእኛው የተመረቀ ብቻ ይሁን ብሎ ደንብ ሲያወጣ ሥራውን አጣ። በ1901 ሚሺጋን ተቀበለው። በዚያው ዓመት ቡድኑ ተጋጣሚዎቹ ላይ 550 ነጥብ አስቆጥሮ አንድም ሳይቆጠርበት ጨረሰ። የመጨረሻው ጨዋታ ጃንዋሪ 1 ቀን 1902 ካሊፎርኒያ ላይ የተደረገው የመጀመሪያው ሮዝ ቦውል ነው። ተጋጣሚው ማን ሆነ? ስታንፎርድ! 49 ለ 0 ሲሆን ስምንት ደቂቃ እየቀረው ስታንፎርዶች በቃን አሉ። የሚሺጋን ቡድን እስከ 1905 መጨረሻ ድረስ በ56 ጨዋታ አልተሸነፈም።

ግን እኔን የሳበኝ አሠልጣኙ ዮስት አይደለም። በ1921 የዩኒቨርሲቲው የአትሌቲክስ ዳይሬክተር የሆነው ዮስት ነው።

በ1920ዎቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በስታዲየም ፉክክር ተይዘው ነበር። ባላንጣው ኦሃዮ ስቴት በ1922 ከ66 ሺህ በላይ መቀመጫ ያለው ስታዲየም ሠርቶ ሲያስመርቅ እንግዳው ቡድን ሚሺጋን ነበር። የዮስት ልጆች ምርቃቱን 19 ለ 0 አበላሹት። ዮስት ግን ከነጥቡ ይልቅ መቀመጫውን ሲቆጥር የዋለ ይመስለኛል። የእሱ ሜዳ ፌሪ ፊልድ ለትልልቅ ጨዋታዎች ከሚመጣው ሰው አንጻር ጠባብ ነበር። ፍላጎቱ አለ፣ አቅርቦቱ የለም። ችግሩ መምህራኑ ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲ ነው ወይስ የሰርከስ ድንኳን ነው የምንሠራው የሚሉ ብዙ ነበሩ። ነገሩ በኤድመንድ ዴይ ለሚመራ ኮሚቴ ተሰጠ። ዴይ የኢኮኖሚክስ ባለሙያ ነው (የሙያ አጋሬ መሆኑን ሳልጠቅስ አላልፍም)። ኮሚቴው በ1926 ስታዲየሙ ይሠራ፣ ነገር ግን ጌጥ የሌለው ይሁን፣ ከእሱ ጋር ሴቶችን ጨምሮ ተራው ተማሪ ስፖርት የሚሠራበት ቦታም ይገንባ አለ። ዮስትም ተስማማ።

ገንዘቡስ? ሌሎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ከቀድሞ ተማሪዎቻቸው መዋጮ ለምነው ነው የሠሩት። ዮስት አልለመነም፣ ተበደረ። እያንዳንዳቸው የ500 ዶላር ዋጋ ያላቸው 3,000 ቦንዶች ለገበያ ቀረቡ፤ በድምሩ 1.5 ሚሊዮን ዶላር። ወለዱ 3 በመቶ ብቻ ነው። ለዚህች ወለድ ብሎ ማን ያበድራል? ቁልፉ እዚህ ላይ ነው፦ ቦንድ የገዛ ሰው ለአሥር ዓመት ያህል ከሜዳው መሐል ትይዩ ባለው ምርጥ ቦታ የወቅት ትኬት የመግዛት መብት ያገኛል። እኛ ለሕዳሴው ግድብ ቦንድ ስንገዛ ወለዱን አስልተን እንዳልሆነ ሁሉ፣ የሚሺጋን ሰዎችም ወለዱን አይደለም የገዙት። ወንበር ነው የገዙት። ከግብር ከፋዩ አንድ ሳንቲም አልተወሰደም፣ ዕዳውም ከሜዳው ገቢ የሚከፈል ነበር።

ግንባታው ቀላል አልነበረም። ቦታው ከሥሩ ውኃ ያለበት መሬት ነው፤ ቢሆንም ስታዲየሙ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወደ መሬት ተቆፍሮ ስለተሠራ ከውጭ ለሚያየው ትንሽ ይመስላል። ዮስት 100 ሺህና ከዚያም በላይ እንዲሆን ይመኝ ነበር። የተፈቀደለት 72 ሺህ ነው። እሱ ግን መሠረቱ ወደፊት ከ100 ሺህ በላይ ሰው እንዲሸከም ተደርጎ እንዲጣል አደረገ፣ ዳር ዳሩንም 10 ሺህ ጊዜያዊ መቀመጫ ደረደረበት። በኦክቶበር 1927 ኦሃዮ ስቴትን ጋብዞ ሲያስመርቅ 84,401 ሰው ገባ። የአን አርበር ነዋሪ በዚያን ጊዜ 30 ሺህ እንኳን አይሞላም ነበር።

ያኔ ፕሮፌሽናሎቹ የት ነበሩ? ሊጋቸው ገና ሰባት ዓመቱ ነው፣ ቡድኖቹም የቤዝቦል ሜዳ እየተከራዩ ይጫወቱ ነበር። በኋላ ሀብታም ሲሆኑ ደግሞ ቴሌቪዥን መጣ። ከቴሌቪዥንና ለባለሀብት ከሚከራይ ክፍል የሚገኘው ገንዘብ ስለበለጠ ወንበር ማብዛት አላስፈለጋቸውም። ጥቂት ወንበር፣ ውድ ዋጋ። ዩኒቨርሲቲው ግን በየዓመቱ አዲስ ተመራቂ፣ ማለትም አዲስ ደጋፊ ያፈራል፤ መደገፊያ በሌለው አግዳሚ ላይ ተጠጋግቶ መቀመጥም አይከብደውም። ሌላም አለ፤ ያን ሁሉ ሕዝብ የሚሰበስቡት ተጫዋቾች ደመወዝ አይከፈላቸውም ነበር። በስማቸውና በምስላቸው ገቢ ማግኘት የተፈቀደላቸው በ2021 ነው፣ ዩኒቨርሲቲዎቹ በቀጥታ መክፈል የጀመሩት ደግሞ በ2025።

ከተጫዋቾቹ አንዱ ዊሊስ ዋርድ ነበር። ጥቁር ነው፣ ከቡድኑም ምርጦች አንዱ፤ በሩጫም ጄሲ ኦውንስን ያሸነፈ ልጅ ነው። ዮስት ባሠለጠነባቸው ዓመታት በሙሉ በሚሺጋን ፉትቦል ቡድን ለመለያ የበቃ አንድም ጥቁር አልነበረም። በ1934 ከደቡብ የመጣው ጆርጂያ ቴክ ጥቁር ካለበት ቡድን ጋር አልጫወትም አለ። ተማሪዎች ፊርማ አሰባስበው ተቃወሙ። ዮስት ተማሪዎቹን የሚሰልል የግል መርማሪ ቀጠረ፣ ዋርድም በራሱ ስታዲየም እንዳይሰለፍ ተደረገ። ሚሺጋን 9 ለ 2 አሸነፈ፤ በዚያ ዓመት ያሸነፈው ብቸኛ ጨዋታ ይኸው ነው። የዋርድ ጓደኛና የቡድን አጋሩ ጄራልድ ፎርድ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነ፣ ዋርድ ራሱም ዳኛ ሆነ። ይህን ታሪክ ሳይነግሩን ስለ ቦንዱና ስለ ወንበሩ ብቻ የሚያወሩ ሰዎች ግማሹን ነው የሚነግሩን።

ዮስት በኦገስት 1946 አን አርበር ውስጥ አረፈ፣ እዚያው ከዩኒቨርሲቲው አጠገብ ተቀበረ። ከሦስት ዓመት በኋላ እሱ ባስጣለው መሠረት ላይ ተጨማሪ መቀመጫ ተሠርቶ ስታዲየሙ 97 ሺህ አለፈ። በ1956 ደግሞ 101,001 ደረሰ። ሚሺጋን ስታዲየም በስሙ አይጠራም። በስሙ የሚጠራው ከስታዲየሙ ብዙም ሳይርቅ በ1923 ያስገነባው፣ ዛሬ የበረዶ ሆኪ የሚደረግበት አዳራሽ ነው። በ2021 የዩኒቨርሲቲው አንድ ኮሚቴ በዋርድና በሌሎች ጥቁር ተማሪዎች ጉዳይ ምክንያት ስሙ ከአዳራሹ ላይ እንዲነሳ ሐሳብ አቀረበ። የቀድሞ ተማሪዎች ግማሹ ደገፈ፣ ግማሹ ተቆጣ።